ለንባብና ለጽሕፈት ፈተና የሚደረግ ዝግጅት፤ በሲኤምሲ ሰፈር እንደሚታየው

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚገኘው የሲኤምሲ ሰፈር ተማሪ የሚበዛበት ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል፤ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር መስመርም በሰፈሩ መካከል ያልፋል። በየግንቡና በየምሰሶው ላይ «እናስጠናለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ይታያል። ማስታወቂያው የሚጠራቸው ልጆች የሚዘጋጁባቸው ፈተናዎች ልዩ ልዩ ናቸው፤ ዳሩ ግን በሁሉም ውስጥ የማይቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ንባብና ጽሕፈት ናቸው።

እኛ በዚህ ሰፈር የምንኖር ጥቂት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ የጎረቤት ልጆችን በማስጠናት ያስተዋልነውንና ስለ ፈተናዎቹ የምናውቀውን አንድ ላይ አድርገን ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ለማቅረብ ወደድን። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፤ የንባብና የጽሕፈት ፈተና የሚለካው ቀስ በቀስ የሚገነባ ልማድን ስለ ሆነ፣ የመልስ ፊደል በመሸምደድ የሚደረግ ዝግጅት ድካሙን ያበዛል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ፍሬ የሚሰጠው ዝግጅት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ደብተሩን የሚያነብለት ሌላ ሰው ነው።

፩. የነገሩ ክብደት

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። የዚያ ዓመት ውጤት በተገለጸ ጊዜ፣ ፈተናውን ከወሰዱት ከ896,000 በላይ ተማሪዎች መካከል የማለፊያውን ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ፣ ይኸውም ከመቶ 3.3 ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። መሻሻል መኖሩ አይካድም። የሆነ ሆኖ በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ከግማሽ በታች ቀርተዋል።

ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ የመጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን ኑሮ፣ ጦርነት፣ የወረርሽኝ ዘመን። እኛ እዚህ የምንመረምረው አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ቋንቋ ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ፈንታ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። ስድስቱም የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የንባብ ችሎታ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆጠር ሳይሆን ስድስት ጊዜ የሚቆጠር ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን ጥያቄ «የሆነው የቱ ነው» ብሎ ያነበበ ልጅ፣ ባዮሎጂውን ጠንቅቆ ቢያውቅም ነጥቡን ያጣል።

ቢሆንም የሰፈራችንን ልጆች የጥናት ሰሌዳ ብንመለከት፣ ለሒሳብና ለፊዚክስ ሰዓት ተመድቦ ሳለ ለንባብ የተመደበ ሰዓት እምብዛም አይገኝም። እንግሊዝኛ የሚጠናውም የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎችን ከነመልሳቸው በማገላበጥ፣ አለዚያም በቴሌግራም የሚዞረውን «የተሠራ ወርክሽት» በመሸምደድ ነው።

፪. ሦስቱ ፈተናዎች ምን ይጠይቃሉ

በሰፈሩ ተማሪዎች ዘንድ የሚታወቁት ፈተናዎች ሦስት ናቸው። አብዛኛው ልጅ የሚወስደው አገር አቀፉን ነው። ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት የሚያስቡ ጥቂቶች ኤስኤቲ የተባለውን ይወስዳሉ። ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳ ወይም ወደ አውስትራሊያ የሚያመለክቱ ደግሞ አይኤልትስን ይወስዳሉ። ተማሪው የአገር አቀፉን የአፕቲትዩድ ወረቀት ጭምር ኤስኤቲ ብሎ ስለሚጠራው፣ እንዳይደባለቅ እኛ ሁለተኛውን «የአሜሪካው ኤስኤቲ» እንለዋለን።

በአገር አቀፉ ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት በሙሉ ምርጫ ነው። ምንባብ ቀርቦ ጥያቄ ይከተላል፤ የቃላት፣ የሰዋስውና የንግግር ጥያቄዎች አሉ፤ ጽሕፈት የሚባለውም ክፍል የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥን ወይም ለአንድ አንቀጽ የሚስማማውን መሪ ዐረፍተ ነገር መምረጥን የመሰለ ነው። ተፈታኙ አንዲት ዐረፍተ ነገር እንኳ በራሱ እጅ አይጽፍም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተፈታኞቹ አንዳንዶቹ ፈተናውን በኮምፒዩተር መውሰድ ጀምረዋል።

የአሜሪካው ኤስኤቲ መጀመሪያ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ተፈታኞች እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል። ንባብና ጽሕፈት በአንድ ክፍል ተጠቃለው በ64 ደቂቃ ውስጥ 54 ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ይህም በሁለት እኩል ምዕራፍ የተከፈለ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ የታየው ውጤት የሁለተኛውን ምዕራፍ ክብደት ይወስናል። ምንባቦቹ አጫጭር ናቸው፤ ከ25 እስከ 150 ቃላት ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱም አንድ ጥያቄ ብቻ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ድርሰት ይጻፍበት ነበር፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2021 ቀረ።

አይኤልትስ ከሁለቱ ይለያል። በአካዳሚክ ንባቡ ሦስት ረጃጅም ምንባቦችና 40 ጥያቄዎች በ60 ደቂቃ ይሠራሉ። ጽሕፈቱ ግን በእርግጥ ጽሕፈት ነው፤ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፎች ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ሥዕላዊ መግለጫን ወይም ሰንጠረዥን የሚያስረዳ ሆኖ ቢያንስ 150 ቃላት፣ ሁለተኛው ሐሳብን አስረድቶ የሚከራከር ሆኖ ቢያንስ 250 ቃላት ይሆናል። አራሚው የሚመለከታቸው ነገሮች አራት ናቸው፤ ጥያቄው መመለሱ፣ የሐሳቡ አያያዝ፣ የቃላቱ ስፋትና የሰዋስው ትክክለኛነት።

እንግዲህ ከሦስቱ ፈተናዎች ሁለቱ ጽሕፈትን ሳያጽፉ ይለካሉ። ከዚህ የተነሣ ተማሪው «የማልጠየቀውን ለምን እጽፋለሁ?» ይላል። የክርክራችን ዋና ነጥብ ይህ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፫. የንባብ ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የሚከተለውን ምንባብ አዘጋጅተናል።

«በአንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዳቦ ቤቶች አሉ። አንደኛው የዳቦውን ዋጋ ጨመረ፤ ሰልፉ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ሁለተኛው ዋጋውን ሳይነካ የዳቦውን ክብደት ቀነሰ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰልፉ ተመናመነ።»

ከዚህ ምንባብ ልንረዳው የምንችለው የቱን ነው?
ሀ. የሰፈሩ ሰው ስለ ዋጋ ከቶ አይጨነቅም።
ለ. ደንበኞቹ ከዋጋው መጨመር ይልቅ የክብደቱን መቀነስ የጠሉት ይመስላል።
ሐ. ሁለተኛው ዳቦ ጋጋሪ አጭበርባሪ ነው።
መ. በከተማው የዱቄት ዋጋ ጨምሯል።

ትክክለኛው መልስ ለ ነው። የቀሩት ሦስቱ የተሳሳቱበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። ሀ የተሳሳተው ከልክ በላይ ስለ ሰፋ ነው፤ «ከቶ» የምትለው ቃል ምንባቡ ያልተናገረውን ትናገራለች። ሐ ፍርድ ጨምሯል፤ ምንባቡ የተደረገውን ነገረን እንጂ ማንንም አልወቀሰም። መ ከውጭ የመጣ ነው፤ በዓለም ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በምንባቡ ውስጥ ግን የለም። ብዙ ጊዜ ጎበዙን ተማሪ የሚጥለው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ብዙ የሚያውቅ ልጅ ከሚያውቀው ይመልሳልና።

በአገራችን የቆየ የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት አለ። መምህሩ አንዱን ቃል ካነበበ በኋላ «አንድም» እያለ ትርጕሙን በልዩ ልዩ መንገድ ያበዛዋል፤ አንድምታ መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ የአንባቢን ልብ የሚያሰፋ ታላቅ ልማድ ነው። የምርጫ ፈተና ግን ከአንድምታው እኩሌታውን ብቻ ይወስዳል። ተማሪው ልዩ ልዩ ትርጕሞችን ማሰቡ ይጠቅመዋል፤ በመጨረሻ ግን ለእያንዳንዱ «ይህን የሚል ቃል በየትኛው መስመር ላይ አለ?» ብሎ መጠየቅና መስመር ያላገኘለትን መጣል አለበት። ጣቱን የሚያሳርፍበት መስመር የሌለው መልስ መልስ አይደለም።

ሌላው ችግር ከቋንቋችን አሠራር የሚመጣ ነው። በአማርኛ ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፤ «ትናንት ከጣቢያው አጠገብ ያየነው ሰው» እንላለን፤ ማሰሪያው አንቀጽም በመጨረሻ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ግን «ሰው» የሚለው ይቀድምና ገላጩ ይከተለዋል፤ ማሰሪያው ግሥም ገና በመካከል ይመጣል፤ ከእርሱም በኋላ ብዙ ነገር ይጨመራል። ስለዚህ ረጅም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ያስቸገረው ልጅ መጀመሪያ ባለቤቱንና ማሰሪያውን ፈልጎ ያስምርባቸው፤ የቀረው ሁሉ የእነርሱ ጭማሪ መሆኑ ይታየዋል።

፬. ጽሕፈትን ሳይጽፉ መማር ይቻላልን?

የዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው።

1. ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከሥራ የሚመለስ ሰው ውሃ አያገኝም።
2. ውሃ ወደ መንደሩ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው።
3. በእነዚህም ቀናት የሚፈሰው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው።

ትክክለኛው ተራ 2፣ 3፣ 1 ነው። ለምን ቢባል፣ «በእነዚህም ቀናት» የሚለው ወደ ኋላ የሚጠቁም ስለ ሆነ የሚጠቁመው ነገር አስቀድሞ መገኘት አለበት፤ «ስለዚህ» የሚለውም ምክንያቱ ሳይነገር ሊመጣ አይችልም። በእንግሊዝኛውም «ይህ»፣ «እንዲህ ያለ»፣ «ሆኖም»፣ «ከዚህም በላይ» የሚሉትን የመሰሉ ቃላት የዚህ ዐይነት ጥያቄ ቁልፎች ናቸው። እነዚህን ቃላት ዘርዝሮ መሸምደድ ቀላል ነው። ነገር ግን «ሆኖም» እና «ስለዚህ» የሚለያዩበትን በፈተና ሰዓት በቶሎ የሚያየው፣ የራሱን ሐሳብ ሲጽፍ በሁለቱ መካከል ተቸግሮ የመረጠ ልጅ ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩ ስሕተቶችም አሉ፤ ከደብተሮች ላይ ያገኘናቸውን ሦስቱን እንጠቅሳለን። አንደኛ፣ በአማርኛ ቦዝ አንቀጽ እያከታተልን «መጥቶ፣ አይቶ፣ ጠይቆ ሄደ» ማለት እንችላለን፤ ልጁ ይህን ልማድ ይዞ በእንግሊዝኛ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ያያይዛል፤ ይህም በእንግሊዝኛ አይፈቀድም፤ የአሜሪካው ኤስኤቲም ደጋግሞ ይጠይቀዋል። ሁለተኛ፣ «ሦስት ሰው መጣ» ማለት በአማርኛ ስለሚያስኬድ፣ በእንግሊዝኛ ከቁጥር በኋላ የብዙ ቁጥር ምልክት ይረሳል። ሦስተኛ፣ እኛ «ቤቱ» ስንል የታወቀውን ቤት በስሙ መጨረሻ እናመለክታለን፤ እንግሊዝኛ ግን በስሙ ፊት ራሱን የቻለ ቃል ያቆማል፤ ላልታወቀውም ሌላ ቃል አለው። ይህን ደንብ ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ስሕተቱ የሚታረመው ልጁ ራሱ ጽፎ ሌላ ሰው ባሰመረበት ጊዜ ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓት በዚህ ነገር አስተማሪ ነው። ጀማሪው የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ አገባቡን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ግን የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል። የሌላውን ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የግእዙን ሰዋስው ልቡ ውስጥ የሚያስገባለት ያ የዕለት ዕለት ድካም ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜም በየሳምንቱ ዲክቴሽን ይሰጠን ነበር፤ አንድ ገጽ አንብበን በአምስት መስመር እንድናጠቃልለውም እንታዘዝ ነበር፤ ደብተሩም ታርሞ ይመለስልን ነበር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም፣ ተማሪ ንባብን የሚማረው በጽሕፈት ነው በሚለው ላይ ይስማማሉ።

ነገሩ ከፈተናው በኋላም ይቀጥላል። አልፎ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ በአንደኛው ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት አንቀጽ፣ በየትምህርቱ የቤት ሥራ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠየቃል። ፊደል ማጥቆር ብቻ የለመደ እጅ በዚያ ጊዜ ይደነግጣል። ይህን ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም።

፭. የአዘገጃጀት ሥርዓት

ለአንድ ተፈታኝ ሦስት ወር ቢቀረው የሚከተለውን እንዲያደርግ እንመክራለን።

በመጀመሪያው ወር ሰዓት አይያዝ። በየቀኑ ከመማሪያ መጽሐፉ፣ ከባዮሎጂም ሆነ ከታሪክ፣ አንድ ገጽ ያንብብ። እያንዳንዱን አንቀጽ ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግቶ ፍሬ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ አስቀድሞ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ይጻፈው። በአማርኛ መናገር ካልቻለ ምንባቡ አልገባውም፤ በአማርኛ ችሎ በእንግሊዝኛ ካቃተው የጎደለው ቃላትና ሰዋስው ነው። ሕመሙ ሲለይ መድኃኒቱም ይለያል። አዲስ ቃል ሲያገኝ ብቻውን አይመዝግበው፤ የተገኘበትን ዐረፍተ ነገር ጭምር ይጻፍ። «ስድስት ትምህርት እያለብኝ ለንባብ ጊዜ የለኝም» የሚለው ምክንያት በዚህ ይወድቃል፤ የሚያነበው ገጽ ያው የሚፈተንበት ገጽ ነውና።

በሁለተኛው ወር የቀድሞ ፈተናዎችን ይሥራ። ጥያቄውን አንብቦ ምርጫዎቹን በእጁ ይሸፍንና መልሱን በራሱ ቃል ይናገር፤ ከዚያ በኋላ የሚመስለውን ይፈልግ። የሳተውን ጥያቄ ሁሉ በደብተሩ መዝግቦ ከጎኑ «ሰፋ»፣ «ፍርድ ጨመረ»፣ «ከውጭ መጣ» ወይም «ጥያቄውን አሳሳትኩ» ብሎ ይጻፍበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንዱ ቃል ከሌሎቹ በዝቶ ያገኘዋል፤ ልጁ ሊጠነቀቅበት የሚገባውም እርሱ ነው።

በሦስተኛው ወር ሰዓት ይያዝ። የአሜሪካውን ኤስኤቲ የሚወስድ ለአንድ ጥያቄ 71 ሰከንድ ያህል ብቻ እንዳለው ይወቅ፤ በዚያ ፈተና ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ ሊኖር አይገባም። አይኤልትስ የሚወስድ ለአንድ ምንባብ 20 ደቂቃ ይመድብ፤ ከጽሕፈቱ ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን እጥፍ ስለሚመዝን ከ60ው ደቂቃ 40ውን ለእርሱ ይተው። በኮምፒዩተር የሚፈተን ልጅ ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ከመስኮቱ ላይ ማንበብን ይልመድ፤ በወረቀት ላይ ማስመር የለመደ ዐይን መጀመሪያ ይቸገራል።

በሦስቱም ወር ሳያቋርጥ በየቀኑ ዐሥር መስመር ይጻፍ። ርእሱ ቀላል ይሁን፤ ዛሬ በመንገድ ያየውን፣ ወይም በአንድ ነገር የሚስማማበትንና የማይስማማበትን ምክንያት። በማግሥቱ ጓደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት። አንባቢው የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ የሚታረም ቦታ ነው። ከዚያም እንደገና ይጻፈው።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ጸጥ ያለ ስፍራ ነው። ቤቱ ጠባብ ለሆነበት ልጅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከሰፈራችን ሩቅ ቢሆንም በታክሲ የሚደረስበት ነው።

፮. የእኛ ድርሻ

ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ አንድ ክፍተት አለበት። መጻሕፍቱን ልጁ ያገኛል፤ ሰዓቱንም ይመድባል፤ የጻፈውን አንብቦ የሚያርምለት ሰው ግን አያገኝም። በትልልቅ ክፍሎች ውስጥ የሚያስተምር መምህር የሁሉንም ደብተር በየሳምንቱ ሊያርም አይችልም፤ ይህን በመናገራችን መምህራንን መውቀሳችን አይደለም። ወላጆቹ አቅም ያላቸው ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል፤ የሌላቸው ግን ወርክሽት ይሸመድዳል። ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ከእኛ በፊት የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት አንድ ዓመት ሙሉ ወደየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የዚህ ኮሌጅ ተማሪ የሆነ ሁሉ በሚኖርበት ሰፈር የሁለት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ደብተር በሳምንት አንድ ቀን ቢያነብ፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። መልስ እንዲሰጥ አንጠይቀውም። ያልገባውን ቦታ ያስምርበትና «እዚህ ላይ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መምህሮቻችንም ለዚህ ሥራ የሚያገለግል አንድ ገጽ የእርማት መመሪያ ቢያዘጋጁልን እናመሰግናለን።

በሲኤምሲ የምንኖረው በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንጀምራለን። በሌላ ሰፈር የሚኖሩ ጓደኞቻችንም በየበኩላቸው ቢጀምሩና የታዘቡትን በዚሁ መጽሔት ቢያቀርቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ሰፈር ይልቅ ስለ ብዙ ሰፈር ለመጻፍ እንችላለን።